የጁምዐ ማስታወሻ፦ የአንድ እናት ጉንዳኖች ለምን ተናከሱ?

  ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ማስታወሻ የሚነሳው ከአንድ የማር ጠርሙስ ነው። ሳቁ ግድ የለም፤ እኔም መጀመሪያ ልስቅ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ፣ የልጆች ደርስ ካለቀ በኋላ፣ አንድ የ13 ዓመት ተማሪዬ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀርቶ ጠበቀኝ። በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። ገልጦ ሲያሳየኝ የማር ጠርሙስ ነው፤ ግማሹ አፈር፣ ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ፣ ውስጡ ጉንዳን። «ኡስታዝ፣ እነዚህ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ግን እየተገዳደሉ ነው። ምን አድርጌያቸው ነው?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ነገሩን ከመጀመሪያው እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ልጁ በዩቲዩብ አይቶ ነው የጀመረው። እኛ ስኳር ውስጥ ገባብን ብለን የምናባርረውን ጉንዳን፣ በሌላው ዓለም የመስታወት ቤት ገዝተው በደስታ የሚያኖሩት ሰዎች አሉ። እሱም በአምናው ክረምት መግቢያ፣ ከዝናብ በኋላ፣ ክንፏን ያራገፈች አንዲት ንግሥት መሬት ላይ ስትሄድ አግኝቶ በመድኃኒት ብልቃጥ ከእርጥብ ጥጥ ጋር አስቀመጣት። ምንም አላበላትም። እሷ ግን እንቁላል ጥላ፣ ከገዛ ገላዋ ካጠራቀመችው ስብና ከእንግዲህ ከማያስፈልጋት የክንፍ ጡንቻ እየከፈለች የመጀመሪያዎቹን ልጆች አሳደገች። ሱብሃነላህ፣ እናት ማለት ይሄ ነው። ዓመት ሳይሞላ ጠርሙሱ በሠራተኞች ተሞላ። ሠራተኞቹ ደግሞ ሁሉም ሴቶች ናቸው፣ ሁሉም እህትማማች።

ታናሽ እህቱ «ለኔም» ብላ ስታለቅስ የተወሰኑትን በሌላ ጠርሙስ ለይቶ ሰጣት። ንግሥቲቱ እሱ ጋ ቀረች። እሱ የራሱን ስኳር በጥብጦ፣ አልፎ አልፎም የእንቁላል አስኳል ፍርፋሪ ይሰጣቸዋል። እህቱ ግን ወጥ ቤት የተገደለ በረሮ ነው የምትሰጣቸው፤ ቤታቸው ደግሞ በረሮ አያጣም። ከ3 ወር በኋላ ልጅቷ ሰለቻት፤ ልጁም በረሮ የበሉትን መልሶ እናታቸው ካለችበት ጠርሙስ ገለበጣቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን በዓይኔ አየሁት። አንዷ ወደ ሌላዋ ትቀርባለች፤ በአንቴናዋ ትዳስሳታለች፤ ለአፍታ ትደነግጣለች፤ ከዚያ መንጋጋዋን ከፍታ እግሯን ትይዛለች። ሦስት አራቱ ተባብረው አንዷን ወዲያና ወዲህ ይጎትቷታል። ከጥቂት ወራት በፊት እነዚሁ ናቸው በአንድ አልጋ ተደራርበው ያደጉት።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት፣ ጉንዳን ማኖር ይቻላል ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ ስለማውቅ በአጭሩ ልበል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጉንዳንን፣ ንብን፣ ሁድሁድንና ሱረድ የምትባለውን ወፍ ከመግደል መከልከላቸውን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ዑለሞች ጉዳት የሚያደርስን ጉንዳን ለይተው ይናገራሉ። ማኖሩን በተመለከተ ደግሞ የአቡ ዑመይርን ትንሽ ወፍ ሐዲስ ይዘው፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን ሳያጓድሉ ከሆነ ችግር የለውም ያሉ አሉ። ድመቷን አስራ በረሃብ የገደለችው ሴትዮ ምን እንደደረሰባት ግን አትርሱ። አምጥተህ ካስቀመጥክ አማና ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። እህትማማቾች ለምን ተናከሱ?

ጉንዳን ፊት አይታ ዘመዷን አትለይም። የጎሬዋ ውስጥ ጨለማ ነው፣ ዓይኗም ብዙ አይረዳትም። የምትለየው በሽታ ነው። የእያንዳንዷ ገላ በስስ ቅባት የተሸፈነ ነው፤ አጥኚዎች ሃይድሮካርቦን የሚሏቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው ያሉበት። የአንድ ቤት ጉንዳኖች እርስ በርስ ይላላሳሉ፣ ከአፍ ለአፍ ይጎራረሳሉ፤ በዚህም ሁሉም አንድ ዓይነት የቤት ሽታ ይይዛሉ። ይህ ሽታ በየቀኑ ይታደሳል። ገና ከሙሽሬዋ የወጣች ጉንዳን ሽታው ስለማይኖርባት ባዕድ ቤት ብትገባ እንኳን ብዙ ጊዜ ማንም አይነካትም። ለረጅም ጊዜ ከቤቷ የተለየች ጉንዳን ግን ስትመለስ ጠላት ልትመስል ትችላለች። ደሟ አልተለወጠም፣ እናቷም አልተለወጠችም። የቤቱ ሽታ ነው ከላይዋ የሄደው።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ምግቡ ነው። በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች የአርጀንቲና ጉንዳን የሚባለውን ዝርያ ይዘው፣ የአንድ ቤት ጉንዳኖችን ለሁለት ከፈሉ፤ ለአንደኛው ወገን የተለየ የበረሮ ዓይነት እንዲበላ ሰጡት። የበረሮው ቅባት በጉንዳኖቹ ገላ ላይ ወጣ። ከዚያ ሲያገናኟቸው፣ ትናንት አብረው የነበሩት ተናከሱ። ድንበር አልተካለለም፣ ርስት አልተነጠቀም። የበሉት ነው የለያቸው። ለልጁ ይህን ስነግረው ወደ እህቱ ጠርሙስ እያየ «በረሮው ነው!» አለ። እናታቸውን ማጣታቸውም፣ ተለይተው መክረማቸውም የየራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም፤ ግን አዎ፣ በረሮው።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በሀገራችን ታገኙታላችሁ። በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዙሪያ ሌፒሲዮታ ካኔሰንስ የሚባል ጥቃቅን ጉንዳን አለ። ማግዳሌና ሶርገር የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት እንደሚለው፣ ይህ ጉንዳን ለኪሎ ሜትሮች የተዘረጋ አንድ ማኅበር ይመሠርታል፤ ካገኟቸው ውስጥ ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነበር። ከአዳማ ተነስታችሁ ሞጆን አልፋችሁ ወደ ቢሾፍቱ ስትቃረቡ አስቡት፤ ይህን ያህል መንገድ ሙሉ፣ ጎሬ ለጎሬ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነክስ። ደግሞ የሚገርመው፣ በዘር ቅርብ ስለሆኑ አይደለም። ሲመረመሩ በዘር የተለያዩ ሆነው ተገኙ። የተለያየ የዘር ሐረግ ይዘው እንደ አንድ ቤት ይኖራሉ። ሌላ ማኅበር ያጋጠማቸው ጊዜ ግን ይዋጋሉ፤ መላእክት ናቸው አላልኩም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 38 በምድር ላይ የሚሄድ እንስሳም ሆነ በክንፉ የሚበር ወፍ ሁሉ እንደኛው ኡመት መሆኑን ይነግረናል። ስለዚህ ወደ ጉንዳን ማየት ጊዜ ማባከን አይደለም። ግን ልዩነቱን አትሳቱ። ጉንዳን ቤቷን ለመጠበቅ ስትናከስ የተፈጠረችበትን ነው የምትሠራው፤ የቂያማ ቀን «ለምን እህትሽን ነከስሽ» ተብላ በሒሳብ ላይ የምትቆም አይደለችም። እኛ እንቆማለን። ለዚህ ነው ጠርሙሱን ሳይ ያዘንኩት ለጉንዳኖቹ ብቻ ያልሆነው።

አሁን አንድ ሐዲስ ልንገራችሁ። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊምም እንደዘገቡት፣ በአንድ ዘመቻ ላይ ከሙሃጂሮች አንዱ ከአንሷሮች አንዱን ከኋላው መታው። የተመታው «እናንተ አንሷሮች!» ብሎ ጮኸ። የመታውም «እናንተ ሙሃጂሮች!» ብሎ ጮኸ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ የጃሂሊያ ጥሪ ምን ያደርጋል አሉ። የሆነው ሲነገራቸው ተዉት አሉ፤ ምክንያቱንም ሰጡ፤ የሸተተ ነገር ነው አሉ።

የሸተተ። ከዚህ ቃል ላይ ቆም በሉ። ሙሃጂርና አንሷር የሚሉት ስሞች በቁርኣን የተመሰገኑ ስሞች ናቸው። ከነሱ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ግን ወገን ለመጥሪያ፣ ለመማቻ ሲውሉ ያ የከበረ ስም ሸተተ ተባለ። ስሙ ጥፋት አልነበረበትም። አፋችን ውስጥ የሆነው ነገር ነው ያበላሸው። ይባስ ብሎም፣ በዚያ ቀን ጉዳዩ የሁለት ሰዎች የግል ጠብ ሆኖ ሊያልቅ ሲችል፣ የሙናፊቆቹ አለቃ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡበይ ሰማ። ወዲያው መዲና ስንመለስ የከበረው የተዋረደውን ያስወጣዋል ማለት ጀመረ፤ ሱረቱል ሙናፊቁን አንቀጽ 8 ላይ ታገኙታላችሁ። በአንድ ርግጫ ከተማ ሊፈርስ ነበር። ለጠብ የተዘጋጀ ሰው ሁልጊዜ ቅርብ አለ፤ ዛሬ ደግሞ ስልክ ይዟል።

ከተማችንን አስቡ። አዳማ የመንገድ ከተማ ናት፤ ባቡሩም፣ የጅቡቲው መኪናም፣ የአርሲና የሐረርጌው ሰውም የሚያልፍባት። በጁምዐ ሶፍ ላይ ቀኝና ግራችሁን እዩ፦ ኦሮሞው፣ ስልጤው፣ ጉራጌው፣ የወሎው አማራ፣ ሶማሌው፣ አርጎባው፣ አደሬው። ትከሻ ለትከሻ፣ እግር ለእግር። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 13 ጎሳና ነገድ ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን ሲነግረን፣ የዚህን ሶፍ ማብራሪያ የሚመስል ነው። አሁን ሶላቱ አለቀ እንበል። ጫማውን እያጠለቀ ስልኩን የሚያወጣውን ወጣት ተከተሉት። አንዱ አንድ ቻናል ይከፍታል። ሁለት ሰው ራቅ ብሎ የሰገደው ሌላ ቻናል ይከፍታል። አንደኛው ቀኑን ሙሉ የሚበላው «እነሱ እንዲህ አደረጉን» ነው፤ ሌላኛውም እንደዚያው፣ «እነሱ» የሚለው ብቻ ዞሮ። ለ3 ወር አንድ ዓይነት ምግብ። ከዚያ ሲገናኙ፣ አንቴናው ነካ ሲያደርግ፣ መንጋጋው ይከፈታል።

የብሔር ብቻ መስሏችሁ እንዳታመልጡኝ። በዲን ስም ያለውም ይኸው ነው። «የእገሌ ኡስታዝ ተማሪ ነኝ» እና «የእገሌ ጀመዓ ነኝ» የሚለው ስም ለመማሪያ ሲሆን ኸይር ነው። በ2011 ሚያዝያ ወር ዑለሞቻችን አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአንድነት ስምምነት ሲያደርጉ ስንቶቻችን እንዳለቀስን ታስታውሳላችሁ። ለዓመታት ሰላምታ ያልተለዋወጡ ሽማግሌዎች ሲተቃቀፉ አይተናል። ከእኛ፣ ከወጣቶቹ፣ ብዙዎቻችን ግን ያን ዕቅፍ ወደ ስልካችን አላስገባነውም። እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን፦ ስሕተት ስሕተት አይባል አላልኩም። ትክክልና ስሕተት አለ፤ ነሲሓም ዋጂብ የሚሆንበት ቦታ አለ። ግን ነሲሓ ወደ ሰውዬው ይሄዳል። ስለ ሰውዬው ወደ ሌላ ሰው የሚሄደው ሌላ ስም አለው።

ያ ሌላ ስም ጊባ ነው። አላህ በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 በምን እንደመሰለው ታውቃላችሁ፤ በመብላት ነው የመሰለው። የሞተ ወንድምን ሥጋ በመብላት። እንግዲህ የሚበላ ነገር ሽታ አለው። ኢማሙ አሕመድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሳሉ የከፋ ሽታ ተነሳ፤ እሳቸውም ይህ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጠይቀው፣ ሙእሚኖችን የሚያሙ ሰዎች ሽታ መሆኑን ነገሯቸው። የዘገቡት እኚያው ጃቢር ናቸው (ረ.ዐ)። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት የበላ ከመስጂዳችን ይራቅ የሚለውንም ካስተላለፉት አንዱ እሳቸው ናቸው። እኛ ሽንኩርቱን እንጠነቀቃለን፤ ለጁምዐ ምሳ ቀይ ሽንኩርት የበዛበት ሰላጣ ሲቀርብ «ከሶላት በኋላ» እንላለን። ወንድማችንን በልተን ግን ቀጥ ብለን መጀመሪያው ሶፍ ላይ እንቆማለን።

የሚቀጥለውን ለመጻፍ ሁለት ጁምዐ ዘግይቻለሁ።

በብራዚል የሚኖር ዲኖፖኔራ የሚባል ትልቅ ጉንዳን አለ፤ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ንግሥት የላቸውም፤ ከሠራተኞቹ አንዷ አለቃ ሆና እንቁላል ትጥላለች። ከበታቿ ያለች ጉንዳን ቦታዋን ልትቀማት ስትሞክር አለቃዋ ራሷ አትገድላትም። ከሰውነቷ የሚወጣ ፈሳሽ በተቀናቃኟ ላይ ትቀባና ትሄዳለች። ከዚያ ተራዎቹ ሠራተኞች መጥተው የተቀባችውን እግርና እጇን ይዘው ያስቀሯታል፤ አንዳንዴም ለቀናት። ቀቢዋ በእጇ ምንም አላደረገችም። ሽታውን ነው የተወችው። ይህንም በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት ነው ያሳየው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወጣት በአካባቢያችን ልጆችን ፊደልና አጫጭር ሱራዎችን ያስተምር ነበር። ድምፁ ያማረ፣ ልጆች የሚወዱት። አንድ ቀን ከአንድ ሰው ጋር የተነሳውን ፎቶ አየሁ፤ ያ ሰው አካሄዱን የማልወደው ነበር። ልጁን ጠርቼ አልጠየቅኩትም። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 ዜና ሲመጣ አረጋግጡ ይላል፤ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! በቴሌግራም ላይ ከ1 ደቂቃ ያነሰ ድምፅ ላክሁ። ስድብ አልነበረበትም። «ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ለማን እንደምትሰጡ እወቁ፤ የአንዳንዱ መንሃጅ አይታወቅም» ነው ያልኩት፤ ስሙንም አልጠራሁም፤ ሁሉም ግን ማን እንደሆነ ያውቃል። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ። ዲን የጠበቅኩ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ በኋላ እኔ ምንም አላደረግኩም። ሌሎች ናቸው ያደረጉት። ወላጆች አንድ በአንድ ልጆቻቸውን አስወጡ። ጓደኞቹ ሰላምታ አሳጠሩበት። ከወር በኋላ ልጁ ከአዳማ ሄደ፤ ባቱ አበባ እርሻ ሥራ አገኘ ተባለ። እኔም «አላህ ያቅናው» ብዬ ረሳሁት።

የጠርሙሱ ልጅ «ምን አድርጌያቸው ነው?» ሲለኝ፣ መልሱን ለሱ እየነገርኩ ውስጤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ስልኩን ፈልጌ ደወልኩ፤ አይሠራም። በሚቀጥለው እሑድ ሚኒባስ ተሳፍሬ በሞጆና በመቂ አድርጌ ባቱ ወረድኩ። አጠያይቄ ዐስር ላይ ከሚሰግድበት ትንሽ መስጂድ ደጃፍ አገኘሁት። ቀጠን ብሏል። ሲያየኝ ቀድሞ ሰላም ያለው እሱ ነው። ከ3 ቀን በላይ ከወንድሙ ጋር መኮራረፍ ለሙስሊም እንደማይፈቀድ፣ ከሁለቱም በላጩ ሰላምታ የሚጀምረው መሆኑን የሚናገረውን የአቡ አዩብን ሐዲስ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ በተግባር የቀደመኝ ግን እሱ ነው።

ተቀምጠን የሆነውን ነገርኩት። አዳምጦ ሲጨርስ «ኡስታዝ፣ ያ ሰውዬ እኮ አጎቴ ነው፤ ኢድ ስለነበር ነው አብረን የተነሳነው» አለኝ። ሌላ ነገር የለም። አጎቱ! አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር።

አውፍ በለኝ አልኩት። «እኔ በልቤ ይቅር ብያለሁ» አለ፤ ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ «ግን ድምፁን የላኩበት ቦታ ላይ ሌላ ድምፅ ይላኩ። እናቴ አሁንም አዳማ ናት፤ ጎረቤት እንደ ድሮው አይደለም» አለኝ። ስለ እናቱ አስቤ አላውቅም ነበር። ተናጋሪው እኔ፣ የተነገረበት እሱ፣ ሽታው ያረፈው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ደጃፏን ባልረገጥኩባት እናት ላይ።

ድምፁን ላክሁ። አንዳንዶቻችሁ ሰምታችሁታል። ስሙን ጠርቼ፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ ሳላረጋግጥ መናገሬን ተናግሬያለሁ። የመጀመሪያውን ድምፅ ያየው ሰው ቁጥር ከሁለተኛው በብዙ እንደሚበልጥ ቴሌግራም ራሱ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል። በየቀኑ ሁለቱን ቁጥሮች አያለሁ። ልዩነቱን ምን እንደማደርገው አላውቅም፤ እናንተ ይህን ማስታወሻ ለሌላ እንድታደርሱልኝ ከመጠየቅ ሌላ።

አንድ ሌላ ጉንዳን አለች፤ ሳላነሳት ላልፍ አልወድም። ሱለይማን (ዐ.ሰ) ከነሠራዊታቸው ወደ ጉንዳኖች ሸለቆ ሲደርሱ የተናገረችው፣ የሱረቱ ነምሏ። ባልደረቦቿን ቤታችሁ ግቡ ስትል፣ ሱለይማንና ሠራዊቱ ሳያውቁ እንዳይረግጧችሁ ነው ያለችው። ሙፈሲሮች «ሳያውቁ» ከሚለው ላይ ይቆማሉ። ሊረግጣት ለመጣ ሠራዊት ምክንያት አዘጋጀችለት! አውቀው አይረግጡም፣ ቢረግጡ ሳያዩ ነው ብላ አሰበች። ወገኖቿን አስጠነቀቀች፤ ግን ሌላውን አላጠለሸችም። ሱለይማንም በንግግሯ ፈገግ ብለው ሳቁ፤ አላህን ማመስገን ያስችላቸው ዘንድም ዱዓ አደረጉ። እኔ ለአንድ ፎቶ ያን ያህል ምክንያት አላዘጋጀሁም።

የጠርሙሱን ነገር የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። የተረፉትን ለያይቶ አንድ ሰፊ ሳህን ውስጥ መሐሉን በሻሽ ከለለው። በዚህኛው ወገን እናትየዋና የሷዎቹ፣ በዚያኛው ወገን የእህቱዎቹ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ስኳር፣ አንድ ዓይነት እንቁላል። በረሮ በቤቱ ክልክል ሆነ፤ እናቱ በዚህ በጣም ተደስታለች። መጀመሪያ ሰሞን በሻሹ ቀዳዳ እየተፈላለጉ ይናከሱ ነበር። ከዚያ መዳሰስ ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ሻሹን ሲያነሳ ሁለት ጉንዳኖች ተይዘው ሞቱ፤ ደንግጦ ሊመልሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ማንንም አልያዘም።

ባለፈው ቅዳሜ ሳህኑን አምጥቶ አሳየኝ። የትኛዋ ከየትኛው ጠርሙስ እንደመጣች እሱም አይለይም። አንዷ ቆማ ሆዷን ለሞላች ሌላ ጉንዳን በአንቴናዋ መታ መታ ስታደርጋት፣ ያቺ አፏን ከፍታ ስታጎርሳት በአጉሊ መነጽር አየናት። «ኡስታዝ፣ መስጂዱ ጓሮ ግራሩ ሥር ልልቀቃቸው?» አለኝ። እዚያ ሌላ የጉንዳን ጎሬ እንዳለ አሳየሁት፤ ሌላ ቦታ እየፈለግን ነው።

ሱረቱል ካህፍን ያልቀራችሁ እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። ለዚያ ወንድሜና ለእናቱ ዱዓ አድርጉልኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።